ናፍጣ የጠጣው ደብዳቤ

በዚያ ቅዳሜ ጧት ያምሮትን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የናፍጣ ሽታ ነው። ከግቢው ተነሥቶ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ፣ ትራሷ ድረስ መጥቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይነሣል። እሷ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ ሊያመልጣት እንዳለ ሕልም ይዛው ተኛች። ሽታው ወደ ቡሬ ወሰዳት። እዚያ ባስተማረችባቸው ሁለት ዓመታት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዛሬስ ልጆቹ አስቸገሩሽ ወይ መምህርት የሚላት ሰው ነበር። መዳፉ እንዳያቆሽሻት እየተሳቀቀ ክንዱን ለሰላምታ የሚዘረጋላት ሰው። እሱም እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ናፍጣና የልብስ ሳሙና።

እንድሪያስ ይባላል። ባለፈው ፋሲካ፣ እሷ ፍኖተ ሰላም አባቷ ቤት እያለች፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደብዳቤ ልኮላት ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ፣ አባትሽ ከቤት እንዳይወጡ አድርጊልኝ ይላል። ያን እሑድ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆርቆሮውን በር ስታይ ዋለች። በሩን ገፍታ የገባች የጎረቤት ፍየል ብቻ ናት። ፀሐይም ጠለቀች። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ልጅቱ ኩራቷ የበዛ ነውና አልጠየቀችም። ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ጋራዥ በኩል ላለማለፍ ከተማውን እየዞረች ከረመች፤ ክረምት ሲገባ ዝውውር ጠይቃ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ይኸው ስድስት ወር ሆነ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት የእናቷ እናት እማማ እማዋይሽ፣ ልጅቱ ስትከሳ እያዩ አንዴ ጉንፋን ነው፣ አንዴ የሰው ዓይን ነው እያሉ ከጠበል ጠበል ሲያንከራትቷት ባጁ። ልብ የሚያከሳ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ወደ ሽታው እንመለስ። አባቷ አቶ ሃይለ ሚካኤል የማርና የሰም ነጋዴ ናቸው። ሰሙን ከገጠር ሰብስበው ጧፍ ለሚሠሩ ሰዎች የሚያደርሱባት፣ በዕድሜ ያምሮትን የምትበልጥ ሰማያዊ የናፍጣ ፒካፕ አለቻቸው። መስከረም ሲጠባ ከሞተሯ ሥር ናፍጣ መንጠባጠብ ጀመረች። አቶ ሃይለ ሚካኤል ደግሞ ሰም የማይደፍነው ቀዳዳ አለ ቢሏቸው አያምኑም። ጋኑንም በርሜሉንም ጣሪያውንም ሲደፍኑበት ኖረዋል። እናም የረጠበችውን የናፍጣ መሄጃ ጎማ ነቅለው፣ ጫፏን በቀለጠ ሰም ነክረው፣ መልሰው አስገቧት፤ በላይዋም ሰም የጠጣ ጨርቅ ጠመጠሙባት። ጧት ጧት በብርዱ ሰሙ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሞተሩ ሲግል ግን ይለሰልሳል፤ ናፍጣውም ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ይወስደዋል። የተወሰደው ሰም ሄዶ ሄዶ ናፍጣውን የሚያጣራውን ፊልትሮ ዘጋው። መኪናዋ ሐሙስ ዕለት ላህ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቀጥ አለች። የገበያ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ እያየ፣ በአንድ ገበሬ ጥማድ በሬ ተጎትታ ግቢ ገባች። አቶ ሃይለ ሚካኤል ከዚያ ወዲህ ራት እንኳ አልበሉም።

የከተማው መካኒክ ለዘመድ ሠርግ ሄዷል። ስለዚህ አቶ ሃይለ ሚካኤል ቡሬ ላለው ጋራዥ በሹፌር መልእክት ልከው ነበር። ይህን ለያምሮት የነገሯት እማማ እማዋይሽ ናቸው፤ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ነጠላ ሳትደርቢ እንዳትወጪ፣ የጥቅምት ብርድ ደረት ይይዛል፣ ደግሞም ከቡሬ መካኒክ ይመጣልና ደጅ ደጅ አትበይ አሏት። ያምሮት እሺ አለች። ቡሬ ውስጥ ስንት መካኒክ አለ ብላ ለመቁጠር ሞከረች፤ አንድ ላይ ደርሳ ቆመች። ብርዱ ሳይሆን ሌላ ነገር ደረቷን ያዘው።

የመጣው እሱ ነው። ከጋሪ ወርዶ፣ የብረት ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የቆርቆሮውን በር በክርኑ ገፍቶ ገባ። ከሳ ብሏል። ለአቶ ሃይለ ሚካኤል ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ በረንዳው ላይ ጥጥ ለሚፈትሉት ለእማማ እማዋይሽም እንዲሁ። ያምሮትን ሲያይ ዓይኑ አንድ ጊዜ ብቻ አረፈባት፤ ወዲያው እንዳቃጠለው ሰው አነሣው። እሷም የግድግዳውን ጭቃ ማየት ጀመረች።

ኮፈኑን ከፍቶ ሰሙን ሲያይ አልሳቀም። ይህን ያምሮት ልብ አለች፤ ሌላው ቢሆን አባቷን ይስቅባቸው ነበር። እንዲያውም ሰሙ ጥሩ ሰም ነው፣ ያለ ቦታው ገብቶ ነው እንጂ አላቸው። በእንጨት ስንጥር ፋቀው፤ ጎማውንም ቧንቧውንም አንድ በአንድ እስኪደርቅ ጠረገ። ከዚያ ለአባቷ አስረዳቸው። ናፍጣ እንደ ውኃ በፈሰሰበት ቦታ አይታይም፣ ስስ ነው፣ ሞተሩን ተከትሎ ይሳብና ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ከየት እንደሚፈስ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ስስ ደረቅ ወረቀት ይሻለዋል፤ በየጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ የረጠበበት ቦታ ያሳብቃል።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ያምሮትን ወረቀት አምጪ አሏት።

ክፍሏ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ የተማሪ ደብተር ተከምሯል፤ ከመካከሉ አንድ ቅጠል መገንጠል ነበር። እጇ ግን ደብተሩን አልፎ ሄደ። ከልብሷ ሣጥን ሥር፣ ከነጩ ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ያችን ደብዳቤ አወጣ። ምን ነካት አይባልም፤ ስድስት ወር የታመቀ ነገር ነው የነካት። ይዛት ወጥታ፣ እንደታጠፈች፣ ሞተሩ ላይ ለተደፋው ሰው ዘረጋችለት።

ከአስተጣጠፏ አወቃት። ገለጥ ሲያደርጋት የገዛ እጁ ሰማያዊ ጽሑፍ ወጣ።

“ይኸን ነው?” አላት ቀስ ብሎ።

“ሌላ ጥቅም አላገኘሁለትም” አለችው።

አባቷ ከጎኑ ሆነው ያዝ እንጂ፣ ወረቀት አይደለም ወይ አሉት። ሌላ ምን ምርጫ አለው? አቶ ሃይለ ሚካኤል ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚልከውን የእጅ ፖምፓ እየገፉ፣ እሱ ደብዳቤውን በጎማው ላይ ጠቀለለ። መጀመሪያ በሰም በተደፈነችው ላይ። ደረቅ ናት። ቀጥሎ በፊልትሮው ሥር። እሱም ደረቅ። ከዚያ ከኋላ፣ ሞተሩ ያልተጠቀመበትን ትርፍ ናፍጣ ወደ ናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሰልባቲዮው የምትመልስ ከትንሽ ጣት የቀጠነች ጎማ አለች፤ በእሷ ላይ ሲጠቀልላት ወረቀቷ መሐሏ ላይ ጠቆር አለ። ጥቁረቱም እንደ ዘይት ጠብታ ቀስ እያለ ሰፋ። ሰማያዊው ቀለም መጀመሪያ አበበ፣ ቀጥሎ ፈሰሰ። “እሑድ” የሚለው ቃል በያምሮት ዓይን ፊት ክንፍ አውጥቶ ጠፋ።

እንድሪያስ እዚህ ነው የተሰነጠቀው አለ። አቶ ሃይለ ሚካኤል አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ እና እኔ ያን ሁሉ ሰም የፈጀሁት ጤነኛዋን ጎማ ሳስታምም ነው በለኛ አሉ። በረንዳው ላይ እማማ እማዋይሽ ሳቁ። ያምሮት ግን አልሳቀችም። ያ ወረቀት እንዲህ ሲጠፋ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ የሚል ነገር አልነበረውም። ከፊሉ የእሷ ሆኖ አገኘችው።

አዲስ ጎማና አዲስ ፊልትሮ መግዛት ግድ ሆነ። አቶ ሃይለ ሚካኤል ሰው ብልክ የብስክሌት ጎማ ገዝቶ ይመጣል ብለው፣ የተሰነጠቀችውን ለናሙና ይዘው ራሳቸው ወደ ሱቅ ወጡ። ግቢው ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። እማማ እማዋይሽም አሉ፤ ጆሯቸው ደከም ያለ፣ ዓይናቸው ግን የማይደክም፤ እንዝርቱን እያሾሩ ከበረንዳው ይቆጣጠራሉ።

ከአጥሩ ማዶ የደረሰው ጤፍ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። እሱ ጎንበስ ብሎ የጎማዋን ማሰሪያ ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ይፍቃል፤ እሷ የማትጨርሰውን የነጠላ ጫፍ ይዛ ትቋጫለች።

“ጠብቄህ ነበር” አለችው በመጨረሻ። “ሐሳብህን ከቀየርክ በሁለት መስመር ትጽፍልኝ ነበር። ማንበብ እችላለሁ እኮ።”

ካቻቢቴው ቆመ። ቀና ሳይል ነገራት። ሦስት ሰው ለምኖ ነበር። መጀመሪያ የጋራዡን ባለቤት ለመነ፤ ሰውየው እስር ቤት ድረስ እሄድልሃለሁ፣ እዚያ ደጅ ግን አልሄድም አለው። ሁለተኛ የክርስትና አባቱን አቶ ሀይሉን ለመነ፤ እሺ ብለው ቀኑን ቆረጡ፣ በዋዜማው ወደ ዳንግላ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። በመጨረሻ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ፣ የአባቷ የንስሐ አባት በሆኑት በመምሬ እንዳለው እግር ላይ ወደቀ። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ አሉት። በሳምንቱ ግን ታምሜአለሁ የሚል መልእክት ላኩበት። ያለ ሽማግሌ ደግሞ የሰው ልጅ አይጠየቅም።

“ምን ብዬ ልጻፍልሽ?” አለ። “የቀጥቃጭ ልጅ ነኝና ከፊቴ የሚሄድ ሰው አጣሁ ብዬ? እጄ ሦስት ጊዜ ጀመረው። ሦስቴም ቀደድሁት።”

አባቱ አቶ ክንዱ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ የቡሬ ገጠር ቀጥቃጭ መሆናቸውን ያምሮት ታውቃለች፤ በተዋወቁ በሳምንቱ ነግሯታል። ለእሷ ምንም ስላልመሰላት ለሌላውም ምንም የማይመስል ይመስላት ነበር። አገሩ በእኚህ ሰዎች ማረሻ እያረሰ፣ ልጃቸውን ዓይኑ ይበላል እያለ እንደሚሸሽ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ፍቅር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ያስረሳል። ስድስት ወር ሙሉ ክፉ ስታስብበት የከረመችው ሰው፣ ያን ጊዜ ሁሉ ብቻውን በየሰዉ ደጅ ሲለምን ኖሯል።

ሰኞ ወደ ጢስ ዓባይ እንደሚሄድ ነገራት። ከፏፏቴው በታች አዲስ የመብራት ማመንጫ ይሠራል፤ ለናፍጣ ማሽኖቹ መካኒክ ተቀጥሯል። ሁለት ዓመት ነው ውሉ።

“ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?”

“ቤቱ የማን እንደሆነ አውቄ ነው የመጣሁት። በዚህ በር አንድ ቀን ልግባ ብዬ። በሽማግሌ ካልሆነ በካቻቢቴ።”

ያምሮት የያዘችውን የነጠላ ጫፍ አየችው። የቋጨችው ሁሉ ተሳስቷል። ዐይኗ ውኃ ሞልቶ፣ ጤፉም አጥሩም ሰውየውም አንድ ላይ ተዋሕደው ወርቅ የሆነ ነገር ሆነው ታዩአት፤ ያን ወርቅ እንዳይፈስባት ፈርታ ዓይኗን አላርገበገበችም።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ዕቃውን ይዘው ሲመለሱ ሥራው ፈጠነ። አዲሷ ጎማ በልክ ተቆርጣ ገባች፤ ማሰሪያዎቹ ጠበቁ፤ ፊልትሮው ተለወጠ፤ በሰም የታጀለችውም ጎማ ተነቅላ ውስጧ ተጠረገ። የቀረው በመሥመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው፤ ናፍጣ መኪና አየር ከዋጠ አይነሣም። አባቷ ደክሟቸው ስለነበር የእጅ ፖምፓውን ያምሮት ያዘች። እማማ እማዋይሽ ከበረንዳው ልብስሽ፣ ልብስሽ ይላሉ። እሷ ትገፋለች፣ እሱ ብሎኗን ላላ ያደርጋል፤ አረፋ ይወጣል፤ በቃ ይላታል፣ ትተዋለች፤ እንደገና ይላታል፣ ትገፋለች። ጎን ለጎን ናቸው፤ ሳይነካኩ አንድ ዓይነት ይተነፍሳሉ። አረፋው እያነሰ ሄደና ጥርት ያለ ናፍጣ ፈለቀ። ምነው ከዚህም የበዛ አየር በነበረ አለች በልቧ።

ሞተሩ ሁለቴ አጉረመረመና ተነሣ። እንድሪያስ አዲሷን ጎማ በንጹሕ ጨርቅ ዳሰሰ፤ ጨርቁን ለአባቷ አሳያቸው። ደረቅ ነው። ግቢው በሙሉ በድምፁ ተናወጠ፤ የአቶ ሃይለ ሚካኤል ፊት ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። ሞተሩን አስጠፍተው፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም አሉት። ቀጥለውም፣ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ ጠየቁ።

“ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?”

ያምሮት ቆማ ቀረች። የጋራዡን ባለቤት ስም ቢጠራ ይበቃል፤ መካኒክ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ወይም በእናቱ በኩል ያለ አንድ ቄስ አያት ፈልጎ ይጥራ። እሷ ራሷ በልቧ እንዲዋሽ ለመነችው።

“የክንዱ ልጅ ነኝ” አለ። “የቀጥቃጩ ክንዱ።”

ሌላውን ሁሉ ያልሰሙት እማማ እማዋይሽ ይህችን ሰሙ። እንዝርቱን አስቀመጡ። ለሁሉም በአንድ ትሪ አዘጋጅተውት የነበረውን ምሳ በነጠላቸው ሸፈኑትና ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሌላ ሳህን እንጀራና ሽሮ ይዘው ወጥተው በረንዳው ጫፍ ላይ አኖሩለት። ክፉ ሴት አይደሉም። ከሰባት ልጅና የልጅ ልጅ የቀረቻቸው ይህች ብቻ ናት፤ ፍርሃታቸው ያንን ያህል ነው። ያምሮትን በክንዷ ይዘው ወደ ኋላቸው ሳቧት።

እንድሪያስ እጁን ታጠበ። ሳህኑን አነሣ፤ ለእማማ እማዋይሽ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ከመኪናዋ ጎን፣ ፊቱን ወደ አጥሩ መልሶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያምሮትን የገደላት ሳህኑ አይደለም፤ አቀማመጡ ነው። ቦታውን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየቤቱ እንዲህ ሲቀመጥ ኖሯል ማለት ነው።

ክንዷን ከአያቷ እጅ አስለቀቀች። ግቢውን አቋርጣ ሄዳ የብረት ሣጥኑ ላይ፣ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ተይ አላት በሹክሹክታ። ከሳህኑ ላይ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮውን ጠቀሰች፣ ጎረሰች።

“ያምሮት፣ ልጄ፣ እኔን ትቅበሪኝ፣ ተነሺ” አሉ እማማ እማዋይሽ። ድምፃቸው ተሰበረ።

አልተነሣችም። ጉርሻው አፏ ውስጥ ነው፤ የምትለውን ግን ይዛ መቆየት አልቻለችም።

“አባዬ” አለች፣ “ከፋሲካ በኋላ ያን እሑድ ሙሉ ቀን ከቤት እንዳይወጡ የለመንሁዎ ለዚህ ሰው ብዬ ነው። የሚልከው ሰው አጥቶ ነው የቀረ። ዓይን የሚበላኝ ቢሆን ኖሮ ሳላየው በኖርሁባቸው ስድስት ወራት ለምን ከሳሁ?”

አቶ ሃይለ ሚካኤል የመኪናዋን ኮፈን ተደግፈው ቆመው ነበር። ከዚያ የተናገሩት ለልጃቸው አይደለም፤ ለእሱ ነው።

“መምሬ እንዳለው አልታመሙም ነበር። ወዲያው እኔ ዘንድ መጥተው አማከሩኝ። ታምሜአለሁ በሉት ያልኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ልጅ በየቀኑ ስትቀልጥ አየኋት። ቡሬ መልእክት ስልክም ማን እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ልይህ ብዬ ነው። የማን ልጅ ነህ ያልሁህም ጠፍቶኝ አይደለም። አባትህን ብትክድ ኖሮ ምሳህን አብልቼ እሸኝህ ነበር።”

እንድሪያስ ከድንጋዩ ተነሣ። መቆሙም መቀመጡም ጠፋበት።

“እኔ ልጅ በሳህን ላይ አልሰጥም” አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል፤ “ይህ ቤት በሽማግሌ የሚገባበት ቤት ነው። ጢስ ዓባይም ሂድ፤ ሥራ ሥራ ነው። መምሬን ነገ ከቅዳሴ መልስ እኔ አናግራቸዋለሁ። ሽማግሌ ሆነው በሚመጡበት ቀን ግን አባትህም አብረው ይምጡ። ገብተው ከእኔ ጎን ይቀመጣሉ።”

ከዚህ በላይ አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ መለሱና የደረቀችውን ጎማ እንደገና መዳሰስ ጀመሩ። እንድሪያስ አባቴ አባቴ እያለ እንደ ሕፃን ይርገበገባል። ያምሮት ልትናገር ፈለገች። ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል፤ እንባዋም ወርዶ ከእሱ ጋር ተቀላቅሏል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። ሳል ያዛት።

እማማ እማዋይሽ ከበረንዳው ወረዱ። መውረዳቸውን ራሳቸውም አላወቁት፤ የሚያዩት የልጅቱን መታነቅ ብቻ ነው። በጣሳ ውኃ ይዘዋል፣ ውኃው መሬት ላይ ይፈስሳል። ከሣጥኑ አጠገብ ሲደርሱ ጀርባዋን ለመምታት እጃቸውን ማስለቀቅ ነበረባቸው። ዙሪያቸውን ቃኙና ጣሳውን አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጡት።

“ምን ቆመህ ታያለህ አንተ” አሉት፤ “አጠጣት እንጂ። ልጄ ልትታነቅ ነው።”

ያምሮት ጣሳውን ተቀበለችው። የእሱም እጅ ጣሳው ላይ ነው፣ የአያቷም እጅ ጀርባዋ ላይ፤ እየመቱ፣ እየደባበሱ፣ ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ ይሏታል። ውኃው አልቆ እንዳይለቋት ፈርታ፣ የመጨረሻዋን ጭላጭ አፏ ውስጥ ያዘቻት።